ድንበር የገፋ ሰው እንዴት ንስሐ ይግባ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የምንዋሰንበትን ማሳ በየእርሻው ትልም እየጨመርኩ ገፍቼ እስከ አሁን ሩብ ጥማድ ያህል ወስጃለሁ። 5 ዓመት ጤፍ አጭጄበታለሁ። እሱ ከተማ ስለሚኖር መሬቱን በእኩል ያሳርሳል፤ መጉደሉን ልብ አላለም። ከዚያ ወዲህ ከነፍስ አባቴ እሸሻለሁ፤ ጠበል ሊረጩ ሲመጡም ከቤት እወጣለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው እግዚአብሔር ይቀበለዋል? ከየት ልጀምር? (ከቢቸና አካባቢ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይቀበልዎታል። አዳምም ትእዛዝ ከጣሰ በኋላ በዛፎች መካከል ተሸሽጎ ነበር፤ ፈልጎ የመጣው ግን እግዚአብሔር ነው። «ወዴት ነህ?» ያለው የተደበቀበት ጠፍቶት አይደለም፤ በገዛ አፉ እንዲናገር ነው። አዳም ግን በሔዋን አሳበበ። ዛሬም ብዙ ኑዛዜ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው፤ ሰው የራሱን ትቶ የሚስቱን፣ የጎረቤቱን፣ የዘመኑን ክፋት ይናገራል።

ዘኬዎስንም ያስቡ (ሉቃ. 19)። ጌታ ከዛፍ ላይ ጠርቶ ቤቱ እንደሚውል የነገረው ቀራጩ ገና አንዲት ሳንቲም ሳይመልስ ነው። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ አገር ብዙ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ «መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ እቀርባለሁ» ሲል ዕድሜው ያልቃል። ቁርባንም ከሕፃናት በቀር የሽማግሌና የአሮጊት ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነናል።

እንግዲህ ለጠበል እስኪመጡ ሳይጠብቁ ወደ ነፍስ አባትዎ ይሂዱ። «ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት ብቻውን ኑዛዜ አይሆንም። «የወንድሜን ሩብ ጥማድ ገፍቻለሁ፤ 5 ዓመት አርሼዋለሁ፤ ያደረግሁትም እያወቅሁ ነው» ይበሉ። ከባዱን ያስቀድሙ፤ ቀላል ቀላሉን እየዘረዘሩ ከባዱን ለመጨረሻ የሚያቆዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሳይናገሩት ይመለሳሉ። ካህኑ የሰሙትን ለማንም አያወጡም፤ ለወንድምዎም ቢሆን።

ከዚያ ቀኖና ይሰጥዎታል፤ ጾም፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ሊሆን ይችላል። ወገብዎን የሚያምዎ ከሆነ እዚያው ይናገሩ፤ ስግደቱን በሌላ ሊለውጡልዎ ይችላሉ። በራስ ሥልጣን ግን መቀነስም መጨመርም አይገባም፤ በስሜት የጨመረ ሰው መካከል ላይ ደክሞ ሁሉንም ሲተው እናያለን። ቀኖና የቁስል መድኃኒት እንጂ የኃጢአት ዋጋ አይደለም። ዋጋውን ጌታ በመስቀል ላይ ከፍሎታል።

መሬቱስ? 40 ቀን ቢሰግዱም ድንበሩ በገፉበት ካለ ንስሐው አልተፈጸመም። ኦሪት ዘኁልቍ (5፥7) የበደለ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛውን እጅ እንዲጨምር ያዝዛል። ከሩብ ጥማዱ በዓመት 1 ኩንታል አግኝተው ከሆነ የ5 ዓመቱ 5 ኩንታል ነው፤ አምስተኛው 1 ኩንታል ሲጨመር 6 ይሆናል። የእርሻ ድካምዎና የዘር ወጪዎ ይታሰብ እንደሆነ ከነፍስ አባትዎ ጋር ይመካከሩ። በአንድ ጊዜ ካልቻሉ በሁለት በሦስት መኸር ይክፈሉ። ወንድምዎ «ትቼልሃለሁ» ሊልዎ ይችላል፤ ቃሉ ከእሱ አፍ ይውጣ እንጂ እርስዎ ገምተው አይቀንሱ።

በጎጃም የድንበር ጠብ እስከ ደም እንደሚያደርስ ያውቃሉና፣ ነገሩን ለወንድምዎ ብቻዎን ድንገት አይንገሩት። ፈቃድዎ ከሆነ ነፍስ አባትዎን፣ አለዚያም ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን ሽማግሌዎች ይዘው ይሂዱ። የወሰኑን ድንጋይ እሱ ባለበት ወደ ቀድሞ ቦታው ይመልሱ። የተገፋው መሬት በእርስዎ የይዞታ ደብተር ተመዝግቦ ከሆነም በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ያሳርሙት፤ ካልታረመ ነገ ልጆችዎ ያንኑ ደብተር ይዘው ከአጎታቸው ልጆች ጋር ይካሰሱበታል።

ቀኖናውን ሲፈጽሙ ካህኑ በመስቀላቸው ባርከው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉዎታል። ከዚያም 18 ሰዓት ጾመው ወደ ሥጋ ወደሙ ይቅረቡ።

ጥያቄ፦ እረኛው አንዱን በግ ሊፈልግ 99ኙን በበረሃ መተዉ (ሉቃ. 15፥4) ለእነሱ መጨከን አይሆንም? (ከሞጣ)

መልስ፦ የአንድምታ (የመጻሕፍት ትርጓሜ) መምህራን መቶውን በግ በመቶው ነገድ ይተረጉሙታል፤ 99ኙ በቅድስና የጸኑት ነገደ መላእክት፣ የጠፋው አንዱ አዳም ከነልጆቹ ነው። እረኛው ክርስቶስ ሥጋ ለብሶ ወደ እኛ ሲወርድ መላእክት የጎደለባቸው ነገር የለም፤ በመለኮቱ ከእነሱ አልተለየምና። እንዲያውም ጌታ ራሱ ስለ አንድ ንስሐ የሚገባ ኃጢአተኛ በሰማይ ደስታ እንደሚሆን ተናግሯል።

ከብት የጠበቀ ሰው የሚያስተውለው ሌላም ነገር አለ። ከመንጋው የተለየ በግ መንገዱን ለይቶ ለመመለስ ይቸገራል። እረኛውም ሲያገኘው በዱላ እየነዳ አላመጣውም፤ በጫንቃው ተሸከመው። ከአመንዝራነት ወይም ከስካር የሚመለስ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሲቆም በነቀፋ የምንቀበል ሰዎች ይህችን ቁጥር ደጋግመን ልናነባት ይገባል። ያን ልጅ ዳግመኛ የሚያስጠፋው ብዙውን ጊዜ የእኛው ፊት ነው።

ጥያቄ፦ ነፍስ አባቴ ደጀን ናቸው፤ እኔ ለሥራ ባሕር ዳር ገብቻለሁ። ሌላ መያዝ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ግን መጀመሪያ የቀድሞውን ያስፈቅዱ፤ መሄድ ካልቻሉ በስልክም ይሆናል። ያልጨረሱት ቀኖና ካለ ለአዲሱ አባት ይንገሩ። የተናዘዙትንና የተፈታልዎን ኃጢአት እንደገና መናዘዝ አያስፈልግም፤ ከተመለሱበት ግን እንደ አዲስ ይናገሩት። አንዱ ሲከብድዎ ወደ ሌላው ለመሄድ ብለው ሁለት ነፍስ አባት በአንድ ጊዜ አይያዙ።