እቁብ በልቼ ትራክ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ዳላስ ነው የምኖረው፣ ካምፓኒ ሹፌር ሆኜ ድራይ ቫን (ዝግ ሣጥን ትሬለር) ስጎትት 3 ዓመት አለፈኝ፣ በማይል 62 ሳንቲም ነው የሚከፍሉኝ። ሰው ስር መሥራት ሰልችቶኛል። የ60 ሰው እቁብ አለን፣ በሳምንት 500 ዶላር፣ በ9ኛው ሳምንት ዕጣው ወጣልኝና 30 ሺህ ተቀበልኩ፣ ከራሴ ደሞ 9 ሺህ አለኝ። አንድ የ2022 ካስኬዲያ ትራክ 410 ሺህ ማይል የሄደ በ68 ሺህ አግኝቻለሁ፣ 25 ሺህ ዳውን (ቅድመ ክፍያ) ካደረግኩ ቀሪውን በወር 1,490 ለ36 ወር ይሉኛል። ግማሹ ጓደኛዬ ግዛ ይላል ግማሹ አበድክ እንዴ ይላል። የራሴን ኦቶሪቲ (በራስ ስም ጭነት የማጓጓዝ ፈቃድ) ላውጣ ወይስ ትራኬን ይዤ ካምፓኒ ስር ልግባ? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትራኩን በጣም እንደፈለግከው ያስታውቃል፣ ዋጋውን ማይሉን ፔይመንቱን ሳይቀር ዘርዝረህ ጽፈህ አንድ ነገር ብቻ ዘለልክ፣ የቀረብህን የእቁብ ሳምንት። ከ60 ላይ 9 ሲነሳ 51 ነው፣ 51 ጊዜ 500 ደሞ 25,500 ዶላር ነው። እና 30 ሺህ ተቀበልኩ ካልከው ውስጥ ያንተ ገንዘብ እስካሁን የከፈልካት 4,500 ናት፣ ሌላው ወለድ የሌለው ብድር ነው። ባንክ ቢሆን ክሬዲትህን ያበላሸዋል በቃ፣ እቁብ ግን ዋስ የሆነህን ሰው ነው የሚያስጠይቀው፣ እሱን ደሞ እሁድ እሁድ ታገኘዋለህ።

እስቲ አብረን እናስላው። በወር 10 ሺህ ማይል ትነዳለህ እንበል፣ ደህና ሹፌር ነህ። ትራኩ በጋሎን 6.5 ማይል ቢሄድልህና ዲዝል 3 ዶላር ከ80 ቢሆን ነዳጅ ብቻውን ወደ 5,850 ነው። ፔይመንት 1,490፣ ኢንሹራንስ ለአዲስ ኦቶሪቲ ከቀናህ 1,400፣ ትሬለር ኪራይ 800፣ ለጥገና በማይል 15 ሳንቲም ብታስቀምጥ 1,500፣ ፓርኪንግ፣ ኢኤልዲ (የመንዳት ሰዓት መዝጋቢ መሣሪያ)፣ ቶል ምናምን 400። ጠቅላላ 11,440 ዶላር፣ ገና አንተ ሽሮ ሳትበላ። ከዛ 10 ሺውም ማይል አይከፈልህም እኮ፣ ባዶ የምትሄደው አለ፣ 1,500ው ባዶ ነው ብንል የሚከፈልህ 8,500 ነው። ሎዱ (ጭነቱ) በማይል 2 ዶላር ከሆነ 17 ሺህ ታስገባለህ፣ 5,560 ይተርፍሃል። አሁን በ62 ሳንቲም ያንኑ 10 ሺህ ማይል ስትነዳ 6,200 ነው የምታገኘው፣ ጎማ ሲፈነዳ ደውለህ ቁጭ ነው፣ ያውም የሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬሩን ግማሽ አሠሪህ ይከፍልልሃል። ኦነር ኦፕሬተር (የራሱን ትራክ የሚነዳ) ስትሆን 15.3 ፐርሰንቱ ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው። በዛ ላይ ከ5,560ው የወሩን እቁብ ወደ 2,170 ቀንስና ለሚስትህ ምን ይዘህ እንደምትገባ አንተው ንገረኝ።

ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። ያው ሎድ 2 ዶላር ከ30 ቢሆን የሚተርፍህ 8,110 ይሆናል፣ 30 ሳንቲም ናት ሁሉን የምትቀይረው። ግን ዋጋውን የሚወስነው ገበያው ነው፣ አንተ መወሰን የምትችለው ወጪህን ነው። ኤቲአርአይ የሚባለው የትራክ ኢንዱስትሪው የጥናት ተቋም የ2024ን አማካይ ወጪ በማይል 2 ዶላር ከ26 ሳንቲም ብሎ ነው ያወጣው፣ የሹፌር ደሞዝ ጨምሮ ማለት ነው፣ እሱም ትልልቆቹ ነዳጅ በቅናሽ እየቀዱ።

የራሴን ልንገርህ። እኔ የመጀመሪያ ትራኬን የገዛሁት 2021 መጨረሻ ላይ ነው፣ ሎዱ ጣሪያ የነካ ጊዜ፣ ሐበሻ በሙሉ ትራክ ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚልበት ጊዜ። 92 ሺህ ከፈልኩበት፣ ዛሬ 40 ካወጣ ስለት አለብኝ። በ5ኛው ሳምንት ጥር ላይ ዋዮሚንግ አይ-80 ላይ ከላራሚ ወደ ሮውሊንስ ስሄድ፣ ንፋሱ ትሬለሩን እየገፋው በረዶው አስፋልቱ ላይ እንደ እባብ እየተሳበ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ቢጫ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ቀጥሎ ቀዩ በራና ትራኩ ራሱን አሰረው፣ በሰዓት 5 ማይል፣ ከዛ በላይ ብትረግጠው ንቅንቅ የለም። ኖክስ ሴንሰር የምትባል፣ ጭሱን የምትለካ፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ ዕቃ ናት ጉዱን ያመጣችው፣ ያኔ ደሞ በቺፕ እጥረት ምክንያት አገሩ በሙሉ ዕቃዋን የሚፈልግበት ወቅት ነበር። 13 ቀን ሞቴል ተኛሁ። ባለቤቴ የቋጠረችልኝ ዳቦ ቆሎ በ4ኛው ቀን አለቀ። እና 13 ቀን ሙሉ ፔይመንቱም ኢንሹራንሱም አልቆመም፣ እሁድ ሲሆን የእቁቡ ዳኛ ይደውላል፣ በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ መጀመሪያ ስለ ጤናዬ ስለ መንገዱ ጠይቆ ሲጨርስ ዝም ይላል። ያቺን ዝምታ እስከዛሬ አልረሳትም። ባንክ ውስጥ የነበረኝ 2,300 ዶላር ነበር።

ስለዚህ ስንት ዳውን ልክፈል የሚለውን ትተህ ከከፈልኩ በኋላ ስንት ይቀረኛል በል። አንተ 39 ሺህ ይዘህ 25 ስትከፍል 14 ይቀርሃል። ከሱ ላይ የኢንሹራንስ ቅድሚያ፣ ታርጋ፣ 2290 የሚባለው የከባድ መኪና ታክስ 550 ዶላር ሲነሳ 7 ወይ 8 ሺህ ብትይዝ ነው። ብሮከር (ሎድ የሚያገናኝህ ደላላ) ደሞ ሳይከፍልህ 30 ቀን ይቆያል አንዳንዴም በላይ፣ አሁኑኑ ልከፈል ካልክ ፋክተሪንግ (ደረሰኝህን ወስዶ ቀድሞ የሚከፍልህ ድርጅት) 3 ፐርሰንት ገደማ ይቆርጥሃል፣ ከላይ ባለው ሒሳብ ውስጥ ይሄን አልቆጠርኩትም። እኔ ከዳውን በኋላ 20 ሺህ የማይነካ ብር ለሌለው ሰው ግዛ አልልም። የሞተር ኦቨርሆል (ሙሉ እድሳት) 30 ሺህ የሚጠይቅበት አገር ነው።

ያንተ ነገር እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ 30 ሺውን አትንካው፣ ካምፓኒ እየነዳህ እቁቡን እስከ መጨረሻው ክፈል። የዛሬ ዓመት ገደማ ብሩ በትክክል ያንተ ይሆናል፣ ትራክ ደሞ የትም አይሄድም፣ ይኼኛው ካመለጠህ ሌላ መቶ አለ።

ስትገዛ ምን ታደርጋለህ መሰለህ፣ ሻጩ ሳያውቅ ማለዳ ሂድና ሞተሩን በእጅህ ዳስሰው፣ ሞቆ ከጠበቀህ ቀድመው አስነስተውታል ማለት ነው፣ ቀዝቅዞ ሲነሳ ያለበትን ችግር እንዳታይ። ጣትህን ጭስ ማውጫው ውስጥ አስገብተህ ጥረግ፣ ዲፒኤፉ (የጭሱ ጥላሸት ማጣሪያ) በትክክል የሚሠራ ከሆነ ጣትህ ንጹህ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ እንደ ድስት ቂጥ ከጠቆረ ወይ ተሰንጥቋል ወይ ነቅለውታል፣ የተነቀለ ደሞ ሕገወጥ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና እየው፣ ትንሽ ትንፋሽ ያለ ነው፣ እንደ ጀበና አፍ ቡፍ ቡፍ ካለ ግን ተሰናብተህ ውጣ። የዘይት ናሙና ለላብራቶሪ ማስላክ ከ50 ዶላር በታች ነው፣ ኮምፒውተሩንም አስነብበው፣ ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሠራ ይነግርሃል፣ 410 ሺህ ማይል ብሎህ ሌሊት ሌሊት ቆሞ ሲጮህ ያደረ ሞተር ሊሆን ይችላል። ሻጩ አይሆንም ካለ መልሱን ሰጥቶሃል።

ኦቶሪቲውን በተመለከተ፣ ማውጣቱ ቀላል ነው፣ ማመልከቻው 300 ዶላር ነው፣ የዲኦቲ (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ) ቁጥሩማ ነፃ ነው፣ ከሱ በላይ ለወረቀት ብቻ ብዙ ሺህ የሚጠይቅህ ሰው ካለ ሽሽ። የሚከብደው የሚከተለው ነው። ሕጉ ለአጠቃላይ ጭነት 750 ሺህ ዶላር ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ) ይበቃል ይላል፣ ብሮከሮቹ ግን ሚሊዮን ካላየን አይሆንም ይላሉ። አዲስ ኦቶሪቲ ስትሆን ስንቱ ብሮከር 6 ወር ሳይሞላህ ሎድ አይሰጥህም፣ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ደሞ የሴፍቲ ኦዲት ይመጣብሃል፣ አይኤፍቲኤ (የነዳጅ ታክስ ሪፖርት) በየ3 ወሩ፣ የድራግ ቴስት ኮንሶርቲየም (የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ማኅበር)፣ ሁሉም ያንተው ጣጣ። መጀመሪያ ዓመት ትራክህን ይዘህ ደህና ካምፓኒ ስር ግባ፣ በፐርሰንት የሚከፍል ፈልግ። የሎዱን የዋጋ ወረቀት እንዲያሳዩህ ሕጉ ያስገድዳቸዋል፣ ስትፈርም ጠይቅ፣ ፊታቸውን ስታይ የምትገባበትን ቤት ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሲያትል ነው። ባለቤቴ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣ 8 ወሩ ነው፣ የሚሠራበት ካምፓኒ ያለ ዳውን ያለ ክሬዲት ቼክ ትራክ እንስጥህ፣ በሳምንት 950 እየተቆረጠ በ4 ዓመት ያንተ ይሆናል አሉት። እሱ ሊፈርም ነው፣ እኔን ደስ አላለኝም ግን ምክንያቱን ማስረዳት አቃተኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ ልክ ነው፣ ምክንያቱን እኔ ልስጥሽ። ሊዝ ፐርቸስ ይባላል ይሄ፣ እየተከራዩ መግዛት ማለት ነው። 950ን በ208 ሳምንት አባዢው፣ 197,600 ዶላር ይመጣል፣ በዛ ብር አዲስ ትራክ ገዝታችሁ ይተርፋችኋል። ግን ዋጋው አይደለም ዋናው ጉዳይ፣ ፔይመንቱን የሚቀበለውም ሎዱን የሚሰጠውም አንድ ሰው መሆኑ ነው። ሎድ ካልሰጠው ፔይመንት ይጎድላል፣ ፔይመንት ከጎደለ ትራኩን ይነጥቁታል፣ ከነጠቁት የከፈለው ሁሉ ውሃ በልቶት ትራኩ በነጋታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል። በ3ኛው ዓመት ከ10ኛው ወር የተነጠቀ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የትራክ ሊዝ አጥኚ ቡድን በጥር 2025 ባወጣው ሪፖርት ይሄ ዓይነቱ ውል በሕግ ይታገድ ብሎ ለኮንግረስ ሐሳብ አቅርቧል፣ ይኼን አሳዪው።

እንቢ ካለሽ ደሞ ሳይፈርም ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ እዛው ያለ ሊዝ ሹፌር የ3 ወር ሴትልመንት (የክፍያና የተቆራጭ ዝርዝር) ወረቀት እንዲያሳየው፣ ይኼንኑ ትራክ ከሱ በፊት ስንት ሰው እንደያዘው፣ እና ኤስክሮው (መያዣ) ብለው የሚቆርጡት ብር እሱ ሲወጣ በስንት ቀን እንደሚመለስ። የመጨረሻውን ሕጉ ራሱ 45 ቀን ብሎ ገድቦታል። 8 ወር የነዳ ልጅ ደሞ ገና ክረምቱን አንድ ጊዜ ነው ያየው፣ ትንሽ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ኢኤልዲ አስመርሮኛል፣ ሞተሩ ከ2000 በፊት የሆነ አሮጌ ፒተርቢልት ብገዛ ይቀርልኛል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ ኢኤልዲው አዎ ይቀርልሃል፣ ሰዓቱ ግን አይቀርልህም። 11 ሰዓት መንዳት፣ 14 ሰዓት መሥራት፣ 70 ሰዓት በ8 ቀን፣ ያው ነው፣ በወረቀት ትጽፈዋለህ እንጂ። ዲፒኤፍ የለውም ዴፍ (የጭስ ማጽጃ ፈሳሽ) የለውም፣ እዛ ላይ እኔም እቀናለሁ። ካሊፎርኒያ ግን እርሳው፣ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ከ2010 ያነሰ ሞተር አያስገቡም፣ የሎንግ ቢችንና የኦክላንድን ወደብ ትተህ መሥራት ከቻልክ ግዛ። መካኒክ ካልሆንክ ወይም መካኒክ አጎት ከሌለህ ግን ዕቃ ፍለጋ ጃንክያርድ ለጃንክያርድ ስትዞር ትከርማለህ። ድምፁ ግን ግሩም ነው፣ እሱን አልክድም።