ቲኤስኤች ደህና ሆኖ ድካሙ ለምን አልለቅ አለ?

እህቴ፣ ሌቮታይሮክሲን (ቲ4 የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካውን ኪኒን) ከጀመርሽ ሁለት ዓመት እንደሆነሽ፣ ቲኤስኤችሽ (ታይሮይድ ዕጢን የሚያዘው፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው ሆርሞን) 2.1 እንደሆነ፣ ሐኪሙም «ደህና ነሽ» እንዳለሽ ጽፈሻል። ድካሙ ግን አልለቀቀሽም። ሌላውን የታይሮይድ ሆርሞን፣ ቲ3ን፣ ላስጨምር ወይ ነው ጥያቄሽ። ሐኪም አይደለሁም፤ ኪኒኑን በመዋጥ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

እኔም በቲ3 ጉዳይ ሐኪሜን ነዝንዤዋለሁ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ታይሮይድ ዕጢ በብዛት የሚያመነጨው ቲ4ን ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ቲ3 ነው። ከቲ3ው 80 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ከዕጢው ውጪ፣ ቲ4 ሲለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በ33 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከቲ4ው ተቀንሶ ቲ3 ሲተካላቸው ስሜታቸው ተሻለ አለ። ያንን አንብቤ እንዴት እንደተደሰትኩ! በኋላ ብዙ ሰው ያሳተፉ ጥናቶች ሲመጡ ግን ውጤቱ አልጸናም። አንዳንድ ሐኪሞች ለተወሰኑ ሰዎች ዛሬም ይሞክሩታል።

የእኔ ጉድ የወጣው ፌሪቲን፣ ማለትም የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ስመረመር ነው። 9 ነበር! የብረት ክምችቴ ተሟጦ እኔ ታይሮይዴን እወቅሳለሁ።

ብረት ታዘዘልኝ። እኔ ደግሞ ለመገላገል ብዬ ሁለቱንም ኪኒን ጠዋት አንድ ላይ ዋጥ። ድካሙ ባሰ፤ ቲኤስኤቼም 7.8 ገባ። ለካ ብረት ሌቮታይሮክሲኑን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ በትንሹ አራት ሰዓት ማራራቅ ያስፈልጋል። ካልሲየምም እንደዚያው። ቡናም ቢሆን ትንሽ ይቆይ። ካራራቅኳቸው በኋላ ቲኤስኤቼ ተመለሰ፣ ድካሙም በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ለቀቀኝ። ቲ4 ግማሹ ከደም ለመውጣት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ለውጥ ካደረግሽ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ አትመርመሪ።

ለፀጉር ብለሽ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ትወስጃለሽ እንዴ? በአንዳንድ መመርመሪያ ቲኤስኤችን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ያ 2.1 ራሱ ላይታመን ነው። ከምርመራው በፊት ለሐኪምሽ ንገሪው።

መጠኑን ግን በራስሽ እንዳትጨምሪ፣ አደራ። ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል፣ አጥንትም ያሳሳል።

እስቲ ንገሪኝ፣ ፌሪቲንና ቫይታሚን ቢ12 ታይቶልሽ ያውቃል? ኪኒኑንስ ከምን ጋር ነው የምትውጪው?