«ጠበቅ አድርገህ ያዝ» ያልኩት ልጅ

ባለፈው ወር ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ወጣት መኪናዬ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ጎልፍ መጫወት ከጀመረ አንድ ዓመት እንደሆነው፣ በሳምንት አምስት ቀን ክብደት እንደሚያነሳ፣ ኳሱ ግን እንደ ጓደኞቹ እንደማይርቅለት ነገረኝ። ከዚያም «ጋሼ፣ እርስዎ መሐንዲስ ነዎት፤ ክንዴን ምን ያህል ባጠነክረው ነው 250 ሜትር የምመታው?» አለኝ። የሰጠሁት መልስ አጭርና የማይረባ ነበር። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በፊት ለገዛ ልጄ፣ ያውም ሳይጠይቀኝ፣ በስህተት መልሼለት ነበርና።

ጎልፍ የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ዋሽንግተን ውስጥ ኢስት ፖቶማክ ወደሚባለው የሕዝብ ሜዳ እንሄድ ነበር። በወንዙ ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ የዋሽንግተን ሐውልት ከፊት ለፊት ይታያል፣ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ያልፋሉ። እኔ ደብረ ብርሃን አጠገብ ያደግሁ የገበሬ ልጅ ነኝ። እንጨት ፈልጫለሁ፣ ድንጋይ ተሸክሜአለሁ፤ ላብ ያላፈሰሱበት ነገር አይገኝም ብዬ አምን ነበር። ዱላውንም እንደ መጥረቢያ ጨብጬ፣ ጥርሴን ነክሼ እመታ ነበር። ኳሱ አንዳንዴ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። ያኔ የማደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ከበፊቱ አብልጬ መጨበጥ።

ልጄን እ.ኤ.አ. በ1999 ይዤው መሄድ ጀመርኩ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ቀጭን፣ አንገቱ ረዘም ያለ ልጅ። ለቁመቱ የተቆረጠ አሮጌ ዱላ ሰጠሁት። በመለማመጃው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ምንም ሳይጨነቅ፣ በር ላይ እንዳለ መጋረጃ ወዝወዝ ብሎ መታው። ኳሱ ቀጥ ብሎ ወጣና አንድ መቶ ሜትር ገደማ ሄዶ ወደቀ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ክንድ! አጠገባችን ይለማመዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አስደግፈው ሲመለከቱት ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ይህን ልጅ ምንም እንዳታስተምረው አሉኝ። እንደ ስድብ ቆጠርኩት። አባት ልጁን እንዳያስተምር የሚነግሩት እኚህ ማን ናቸው ብዬ ተቆጣሁ፤ ሰላምታም ሳልሰጣቸው ወጣሁ።

እኔ የታየኝ ልፍስፍስ ልጅ ነበር። ሳይታገል ይህን ያህል ከመታ፣ ቢታገል የት ይደርስ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እጁን የሚያጠነክር የሚጨመቅ ጎማ ገዛሁለት። ማታ ማታ የቤት ሥራውን ሲጨርስ በደረቱ ተኝቶ በክንዱ አርባ ጊዜ እንዲነሳ አደርገው ነበር። ሜዳ ላይ ከኋላው ቆሜ «ጠበቅ አድርገህ ያዝ! ጠንክር!» እለዋለሁ። ታዛዥ ልጅ ነበርና ጠበቅ አድርጎ ያዘ። በሁለት ዓመት ውስጥ ትከሻው ሰፋ፣ ክንዱ ዳበረ፣ ኳሱ ግን አጠረ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ለልጆች የተዘጋጀ ውድድር ላይ አስመዘገብኩት። የመጀመሪያው መምቻ ላይ ሲቆም የጣቶቹ መገጣጠሚያዎች ነጭ ሆነው አየኋቸው። ከመምታቱ በፊት ኳሱን ሳይሆን እኔን አየኝ። ያ አስተያየት ዛሬም ከፊቴ አይጠፋም። ኳሷ ሣሩን እየላሰች ከሃያ እርምጃ የማይበልጥ ተንከባልላ ቆመች። ሌሎቹ አባቶች አንገታቸውን ደፉ። በመኪና ስንመለስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ በሚቀጥለው ክረምት የዱላ ቦርሳውን ጋራዥ ውስጥ አስቀምጦ «አባዬ፣ ጨርሻለሁ» አለኝ። አልለመንኩትም። ኩራት ነበር።

ስህተቴን የተረዳሁት እ.ኤ.አ. በ2009 በቡሄ ዕለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ፣ አንድ ሰው ከአገር ቤት ያስመጣውን ጅራፍ አወጣ። ወጣቶቹ ተቀባበሉት፤ አንዳቸውም አላጮኹትም። እኔም ተቀበልኩና በሙሉ ጉልበቴ ወረወርኩት፤ እሱም ዝም። ሳቁብኝ። ሁለተኛ ስሞክር ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበረ የአባቴ ድምፅ ትዝ አለኝ፤ «እጅህን አላላው፣ ጅራፉ ይሂድ፣ አንተ ቁም»። ራሴ ላይ ሁለቴ አዞርኩት፣ አንጓዬን ለቀቅሁት፣ እጄን ገታሁት። ግቢው በድምፁ ተናወጠ። ልጅ ሆኜ አውቀው የነበረውን ነገር ልጄን ሳስተምር ረስቼው ኖሯል።

አሁን እንደ መሐንዲስ ላስረዳችሁ። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ፣ ስለሚበልጥ ነው። ያንን ፍጥነት ክንድ አይሰጠውም። እጀታው ሲገታ ጉልበቱ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እየተላለፈ ጫፉ ላይ የምትታሰረው ቀጭን ቃጫ ጋ ይደርሳል። የጎልፍ ምትም ከዚህ የራቀ አይደለም። እግር መሬትን ይገፋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ከዚያ ክንድ፤ እጅ ሲዘገይ ኳሱን የሚነካው የዱላው ራስ አልፎት ይፈተለካል። ታዲያ አንጓው የደረቀ እንደሆነ ያ ጉልበት መንገድ ላይ ይቀራል። ክንድን የሚያጥፈውና የሚዘረጋው ጡንቻ እኩል ሲወጠሩ እርስ በርሳቸው ይጓተታሉ፤ ሰውየው የሚታገለው ከራሱ ጋር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኳሱ ከ46 ግራም አይበልጥም፤ ዱላው የሚነካውም ለግማሽ ሺኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። እጃችሁ መነካቱን ሳይሰማው ኳሱ ሄዷል። በዚያ ቅጽበት ጭምቅ ማድረግ ምንም አይጨምርለትም፤ የሚቆጠረው የዱላው ራስ ይዞት የመጣው ፍጥነት ነው። ፍጥነት ደግሞ ሲጨምር ጉልበቱ በካሬ ያድጋል። እኔ ይህን ቀመር በየቀኑ ለድልድይ እጠቀምበት ነበር። ልጄን ግን አርባ ጊዜ በክንዱ አስነሳው ነበር።

ኋላ ላይ እዚያው ዋሽንግተን ወዳለው ላንግስተን ሜዳ መሄድ አዘወተርኩ። እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተ፣ ጥቁር አሜሪካውያን በሌሎች ሜዳዎች በማይፈቀድላቸው ዘመን የተሠራላቸው ሜዳ ነው። በ1975 ማስተርስ በሚባለው ታላቅ የጎልፍ ውድድር የመጀመሪያው ጥቁር ተወዳዳሪ የሆነው ሊ ኤልደርም ከዚህ ሜዳ ጋር ስሙ ይነሳል። እዚያ ሰባ የዘለሉ ሰዎች በዝግታ ወስደው በዝግታ የመለሱት የሚመስል ምት ሲመቱ፣ ኳሱ ግን ሲበር አያለሁ። ያን ጊዜ ያ ልጄን ያዩት ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል። ዝነኛው አሜሪካዊ ጎልፈኛ ሳም ስኒድም እ.ኤ.አ. በ1965 ፒጂኤ ቱር በሚባለው የባለሙያዎች ውድድር ሲያሸንፍ 52 ዓመቱ ነበር። የዚያን ሰው ምት በፊልም እዩት፤ ጥድፊያ የለበትም።

የዘንድሮ ወጣቶች ትጋታችሁን አደንቃለሁ፤ ከእኛ ትበልጣላችሁ። የማዝንበት ነገር ግን ሁሉን በቁጥር መጠየቃችሁ ነው። ስንት ኪሎ፣ ስንት ግራም ፕሮቲን፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር። አንዱ ምት ገና አየር ላይ እያለ ዓይናችሁ ስልኩ ላይ ነው። ሰውነታችሁ የሚነግራችሁን ማን ይስማው?

ጡንቻ ከንቱ ነው እያልኩ ነውን? ወደዚያ ሳዘነብል ራሴን አገኘዋለሁ፤ እውነቱ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ጎልፈኛው ብራይሰን ዲሻምቦ ከ15 ኪሎ በላይ ጨምሮ እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካን ኦፕን የሚባለውን ታላቅ ውድድር በስድስት ምት ብልጫ አሸንፏል። ከዚያ ክብደቱን ቀንሶ በ2024 እንደገና አሸነፈ። እኔም ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ጭኔ ሲከዳኝ ኳሴ አጥሯል፤ ስለዚህ በየማለዳው ከወንበር ላይ ሃያ ጊዜ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። እግርና ዳሌ ይጠንክሩ። እጅን ተዉት።

ስለ አቋቋምና ስለ ጣት አቀማመጥ አልጽፍም፤ ማንም አሰልጣኝ ያሳያችኋል። ለጠየቀኝ ወጣት አንድ ነገር ብቻ ልስጠው። ዱላህን ገልብጠህ ኳስ በሚመታው ራሱ በኩል ያዝና ያለ ኳስ አወዛውዘው። ፉጨት ትሰማለህ። ፉጨቱ ከቀኝ ትከሻህ አጠገብ ከተሰማ ገና በጊዜ ጉልበትህን ጨርሰሃል፤ ኳሱ ይኖርበት ከነበረው ቦታ አልፎ ከተሰማ ተሳክቶልሃል። አጨባበጥህን እያላላህ ደጋግመው፤ ድምፁ እየከረረ ይመጣል። የእኔ ክርን ጅማቱ ታሞ ለሁለት ዓመት ኩባያ ማንሳት አቅቶኝ ነበር፤ አንተ ጋ እንዳይደርስ።

ልጄ አሁን ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው። የሚኖረው ሌላ ግዛት ነው፤ ጎልፍ ተጫውቶ አያውቅም፣ ማለቴ ከዚያ በኋላ። ቦርሳው ጋራዤ ውስጥ ነው፤ ያችን የተቆረጠች ዱላ አንዳንዴ አውጥቼ እወለውላታለሁ። ይህን ሁሉ ነግሬው አላውቅም። አማርኛ ይሰማል እንጂ ማንበብ አይችልም፤ ይህንንም ደብዳቤ አያነበውም። በኅዳር ለምስጋና ቀን ሲመጣ፣ እናቱ ወጥ ቤት ሳለች፣ ጋራዡ ድረስ አብረን እንድንወርድ ልጠይቀው አስቤአለሁ።