የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የስብዕና መመዘኛ ለመሪ የሚጠቅመው እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄ፦ በአንድ ባንክ ውስጥ ለዓመታት በደንበኞች አገልግሎት ስሠራ ቆይቼ በቅርቡ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ተሾምኩ። ለአዲስ ተሿሚዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ሰዎችን በ16 ዓይነት የሚመድበውን ማየርስ ብሪግስ የተባለ መመዘኛ ሞላን። ውጤቴ «ኢንትሮቨርት»፣ ማለትም ከተግባቢነት ይልቅ ወደ ቁጥብነት የሚያዘነብል፣ የሚል ሆነ። አሠልጣኙም እንዲህ ዓይነት ሰው ቅርንጫፍ ለመምራት እንደሚቸገር በሁሉም ፊት ተናገሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በግሌ ደግሜ ስሞላው ሌላ ዓይነት ወጣልኝ። የትኛውን ልመን? ለመሪነት አልሆንም ማለት ነው?
(ከሀዋሳ)

መልስ፦ አሠልጣኙ የተናገሩትን መመዘኛው ራሱ አይደግፈውም። ይህ መመዘኛ ካትሪን ብሪግስ እና ልጃቸው ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ የተባሉ አሜሪካውያን፣ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ካሳተመው ሐሳብ ተነሥተው ያዘጋጁት ሲሆን፣ ሰው ወደ የትኛው አኗኗርና አሠራር እንደሚያዘነብል ይጠይቃል እንጂ ምን መሥራት እንደሚችል አይለካም። ስለዚህ ከውጤቱ ተነሥቶ «ይህ ሰው መምራት ይችላል፣ ያ ሰው አይችልም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ በባልደረቦች ፊት ሲነገር ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ የተለየ ውጤት ማግኘትዎም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ብዙ ሰዎች ይደርስባቸዋል። ተግባቢነትን የመሰለ ጠባይ ሲለካ አብዛኛው ሰው የሚገኘው መካከል አካባቢ ነው። መመዘኛው ግን መካከሉ ላይ መስመር ያሰምርና በአንዱ ወገን ያሉትን ሁሉ በአንድ ስም፣ በሌላው ወገን ያሉትን በሌላ ስም ይጠራቸዋል። ይህም የአንድ ክፍል ተማሪዎችን በአንድ መስመር «ረጅም» እና «አጭር» ብሎ እንደ መክፈል ነው፤ መስመሩ አጠገብ የቆመው ልጅ ጫማ በቀየረ ቁጥር ምድቡ ይለወጣል። በዚህ ምክንያት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በብዛት የሚሠሩት አምስቱ ዐበይት የስብዕና ገጽታዎች በሚባሉት ነው፤ እነዚህም ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ በሥራ ሥርዓት ያለው መሆን፣ ተግባቢነት፣ ከሰው ጋር መስማማት እና የስሜት መረጋጋት ናቸው። በዚህ አሠራር ሰው በየገጽታው ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ባለው መለኪያ ላይ የት እንዳለ ይነገረዋል እንጂ የምድብ ስም አይለጠፍበትም።

የውጤቱን ወረቀት ሲያነቡ «ይህስ በእርግጥ እኔ ነኝ» የሚል ስሜት ቢያድርብዎትም ያንን እንደ ማረጋገጫ አይውሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ መመዘኛ ካስሞላ በኋላ ለእያንዳንዳቸው «የግል ውጤት» ሰጥቶ ትክክለኛነቱን ከ5 እንዲመዝኑ ጠየቃቸው። አማካዩ ነጥብ 4.26 ሆነ። ለሁሉም የሰጠው ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ አብዛኛውንም የወሰደው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ማንንም የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ደስ ያሰኛል፣ ስለ ማንም ግን የሚናገረው የለም።

ወደ ዋናው ሥጋትዎ ልምጣ። ቲሞቲ ጀጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ከዚያ በፊት የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ተግባቢነት ከመሪነት ጋር ያለው ትስስር 0.31 ሆኖ አግኝተውታል። ፍጹም ትስስር 1 መሆኑን ልብ ካሉ፣ ግንኙነቱ እውነተኛ ቢሆንም ከተግባቢነት ውጪ ላሉ ነገሮች እጅግ ሰፊ ቦታ እንደሚተው ይታይዎታል። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ዝርዝሩ ነው፤ ትስስሩ የጠነከረው ሰው በሌሎች ዘንድ እንደ መሪ በመታየቱ ላይ ሲሆን፣ መርቶ ውጤታማ በመሆኑ ላይ ግን ደከም ይላል። በሌላ አነጋገር፣ ተናጋሪነት ለሹመት የሚረዳውን ያህል ከሹመት በኋላ ላለው ሥራ አይረዳም። እ.ኤ.አ. በ2011 አዳም ግራንት፣ ፍራንቼስካ ጂኖ እና ዴቪድ ሆፍማን ያሳተሙት፣ በአሜሪካ 57 የፒዛ መሸጫዎችን የተመለከተ ጥናትም ሠራተኞቹ ራሳቸው ሐሳብ አመንጪ በሆኑበት ቤት ቁጥብ የሆኑት ኃላፊዎች የተሻለ ትርፍ ማስመዝገባቸውን አሳይቷል። ተግባቢዎቹ የተሻሉት ሠራተኛው መመሪያ ጠባቂ በሆነበት ነበር።

እንግዲህ የሚጠቅምዎ ጥያቄ «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» የሚለው ሳይሆን «ይህ ቅርንጫፍ ከእኔ የሚፈልገው የትኛውን ነው? የሚከብደኝስ የቱ ነው?» የሚለው ነው። ቁጥብ ለሆነ ሰው ሊከብድ የሚችለው፣ ለምሳሌ፣ ተቀማጭ ለማሰባሰብ ነጋዴዎችን በየሱቃቸው እየዞሩ ማነጋገሩ ነው። ይህ ደግሞ ይለመዳል፤ ከተግባቢ ባልደረባ ጋር መውጣት፣ ቀኑን አስቀድሞ መያዝ፣ በቀን ጥቂት ደንበኛ ብቻ መጎብኘት ይቻላል። በአንጻሩ ሠራተኛን በጽሞና ማዳመጥና የብድር ሰነድን ሳይቸኩሉ ማንበብ ለእርስዎ ምናልባት ቀላል ይሆናል፤ ይህንን እንደ ተራ ነገር አይቁጠሩት።

በተጨማሪም ሁለት ሦስት የሚቀርቡዎትን ሰዎች ይጠይቁ። ሲሚን ቫዚር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ጥናት፣ እንደ ጭንቀት ያሉ በውስጥ የሚሰሙ ነገሮችን ከማንም በላይ ባለቤቱ እንደሚያውቃቸው፣ ሰው ስለ ራሱ በጎ ማሰብ በሚወድባቸው እንደ ብልህነትና ፈጠራ ባሉ ነገሮች ላይ ግን የወዳጆቹ ፍርድ ወደ እውነቱ እንደሚቀርብ አሳይታለች። ብቻዎን የሚሞሉት ቅጽ ይህን ሁለተኛውን ክፍል ሊሰጥዎት አይችልም።

ጥያቄ፦ በሰው ሀብት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አመልካቾችን በዚሁ የ16 ዓይነት መመዘኛ እንድንለይ አለቃዬ አዘውኛል። ተገቢ ነው?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይደለም። የመመዘኛው አሳታሚ ድርጅት ራሱ ለቅጥር ምርጫ እንዳይውል በግልጽ ይናገራል፤ ለአለቃዎ የሚያቀርቡት ጠንካራው መከራከሪያም ይኸው ነው። በምትኩ አመልካቹ የሚቀጠርበትን ሥራ በናሙና እንዲሠራ ማድረግና ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ ማዘጋጀት እጅግ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ነኝ። አመራሬን ለማሻሻል ስል ከበላዬ፣ ከእኩዮቼና ከበታቾቼ አስተያየት የሚሰበሰብበትን «360 ዲግሪ» የሚባለውን ዘዴ ሞከርኩ። ሠራተኞቹ ግን «ሁሉም ጥሩ ነው» ብለው ብቻ መለሱልኝ። አንዲት ነርስ «ግምገማ ነው ብለን ነው» አለችኝ። ምን ላድርግ?
(ከደሴ)

መልስ፦ ነርሷ እውነቱን ስለነገረችዎ ሊያመሰግኗት ይገባል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በተስፋፋው ግምገማ ያለፈ ሰው፣ በስብሰባ ላይ የተነገረ ሂስ ወደ ደረጃ ዝቅታ፣ ወደ ዝውውር ወይም ወደ ቂም ሲለወጥ አይቷል፤ ግለ ሂስም ቢሆን ሌላው ሳይቀድም ራስን ለመከላከል ሲባል የሚደረግ ሆኖ ቆይቷል። በዚያ ላይ ይሉኝታው አለ። ሠራተኞችዎ የጠረጠሩት በቂ ምክንያት ኖሯቸው ነው፤ ስለዚህ እምነት በንግግር ብቻ አይመጣም፣ አሠራሩ ራሱ መለወጥ አለበት።

ከሁሉ በፊት ይህ አስተያየት ከዓመታዊው የሥራ አፈጻጸም ነጥብ፣ ከዕድገትና ከደመወዝ ጋር ምንም ዓይነት ግንኙነት እንዳይኖረው ያድርጉ፤ ይህንንም በጽሑፍ ያሳውቁ። ቅጹን ከጤና ጣቢያው ውጭ ያለ ሰው ይሰብስበው፤ ለእርስዎም የሚደርስዎ ተጠቃሎ ይሁን እንጂ የእጅ ጽሑፉ አይድረስዎ። በአንድ የሥራ ክፍል ቢያንስ ሦስት ሰዎች ካልመለሱ የዚያ ክፍል መልስ ለብቻው አይውጣ፤ ሁለት ሰዎች ብቻ ባሉበት የላቦራቶሪ ክፍል «ስም የለበትም» ማለት ማንንም አይደብቅም።

ጥያቄዎቹም ስለ ሥራ ይሁኑ። አቭራሃም ክሉገር እና አንጀሎ ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ሰፊ ምርመራ፣ ለሰው ስለ ሥራው ግብረ መልስ መስጠት በአማካይ ቢጠቅምም ከሦስት አንድ በሚበልጠው ጊዜ ግን ውጤቱን ዝቅ እንዳደረገው አግኝተዋል፤ እንደ ማብራሪያቸውም ትኩረቱ ከሥራው ወደ ሰውየው ማንነት በዞረ መጠን ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ «ኃላፊው ፍትሐዊ ናቸው?» ከማለት «የተረኝነት ድልድል ከወሩ መጀመሪያ በፊት ይደርሳችኋል? መድኃኒት ሲያልቅ ለኃላፊው ነግራችሁ በስንት ቀን መልስ ታገኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሠራተኛው ሳይፈራ ይመልሰዋል፤ እርስዎም መልሱን ይዘው የሚያስተካክሉት ነገር ያገኛሉ።

ውጤቱ ሲደርስዎ ሠራተኞቹን ሰብስበው ከተነገረዎት ውስጥ አንዱን ብቻ ይግለጹላቸው፣ በምን ቀን ምን እንደሚለውጡም ይንገሯቸው፤ ማን እንደተናገረ ለመገመት አይሞክሩ፣ ማብራሪያም አይደርድሩ። ያሉትን በዕለቱ ከፈጸሙ፣ ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ቅጽ ደግመው ሲያሰራጩ የሚመለስልዎ ወረቀት «ሁሉም ጥሩ ነው» ከሚለው ያለፈ ነገር ሊይዝ ይችላል።