ስለ ፅንስና ስለ ጂን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ መልሶቹ እነሆ

ሁሉም ሕዋስ አንድ ዓይነት ጂን ካለው አንዱ ዓይን፣ ሌላው ጉበት የሚሆነው እንዴት ነው?

ጂኖቹ ሁሉ በአንዴ ስለማይሠሩ ነው። የትኛው እንደሚበራ የሚወሰነው ሕዋሱ ባለበት ቦታና ጎረቤቶቹ በሚልኩለት ኬሚካላዊ መልእክት ነው። በ1924 ጀርመን ውስጥ ሃንስ ሽፔማንና ሂልደ ማንጎልድ ከአንድ ኒውት (እንቁራሪት ዘመድ ነው፣ ጅራት አለው) ፅንስ ትንሽ ቁራጭ ወስደው ሌላ ፅንስ ላይ ተከሉ። እዚያው ጎን ላይ ሁለተኛ ፅንስ በቀለ። የሚገርመው፣ ብዙው ክፍል የተሠራው ከተቀባዩ ሕዋሳት ነበር። ቁራጩ ራሱ ከማደግ ይልቅ ሌሎቹን ያዝዝ ነበር ማለት ነው።

ጎድን ለምን ወገብ ላይ አይወጣም?

ሆክስ የሚባሉ ጂኖች ስለሚከለክሉት። እኛ 39 አሉን፣ በ4 ክሮሞዞሞች ላይ ተደርድረው። ከአንዱ ጫፍ ያሉት ወደ ራስ በኩል፣ ከሌላው ጫፍ ያሉት ወደ ጅራት በኩል ይሠራሉ። አይጥ ላይ የሆክስ 10 ቡድን በሙሉ ሲጠፋ ወገቡም ጎድን ያወጣል።

እኔ ስድስት ጣት ይዤ ነው የተወለድኩት። ከምን መጣ?

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ በደንብ የተጠናውን ልንገርህ። ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባል ጂን አለ (አዎ፣ ስሙ ከቪዲዮ ጌሙ ነው)። እጅ ሲበቅል የሚበራው በትንሿ ጣት በኩል ነው። ማብሪያው (ጂኑን የሚያበራው የዲኤንኤ ቁራጭ) ግን ከጂኑ 1 ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደል ርቆ ይገኛል! እዚያ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ጂኑ በአውራ ጣት በኩልም ሊበራ ይችላል፤ ያኔ ትርፍ ጣት ይመጣል። ሲልኪ የምትባለው ዶሮ አምስት ጣት ያላት በዚሁ ሰበብ ነው። ያንተ በትንሿ ጣት በኩል ከሆነ ግን፣ አፍሪካውያን ላይ የሚበዛውም እሱ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሌሎች ጂኖች ጉዳይ ነው።

እባብስ እግሩን የት ጣለው?

ሶኒክ ሄጅሆግ ጂኑ አሁንም አለው። የተበላሸው ያው ማብሪያ ነው። በ2016 ተመራማሪዎች የአይጥን ማብሪያ አውጥተው የእባብን ተኩለት፤ አይጦቹ ጉቶ እግር ይዘው ተወለዱ። ከእባቡ ማብሪያ የጎደሉትን 17 ፊደላት ሲመልሱለት ደግሞ እግሩ ተስተካከለ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ሙከራ ይህ ነው።

አከርካሪውስ ለምን እንዲህ በዛ?

ፅንሱ አከርካሪ የሚሆነውን ሥጋ በውስጡ ባለ ሰዓት እየለካ ይቆራርጣል። ጫጩት በ90 ደቂቃ፣ አይጥ በ2 ሰዓት ገደማ አንድ ጥንድ። የእባቡ ሰዓት ከዕድገቱ አንጻር ይፈጥናል፤ ስለዚህ ቁራጩ ያንሳል፣ ቁጥሩ ይበዛል። ከ300 የሚያልፉ አሉ።

ልወልድ አስቤያለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

እህቴ፣ ሐኪምሽን ቀድመሽ አማክሪ። ለብጉር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይን ቫይታሚን ኤ መሰል ነው፤ ሆክስ ጂኖችን የሚያዝዘውን መልእክት ስለሚያውክ በእርግዝና ክልክል ነው። ፎሊክ አሲድ ግን ከማርገዝሽ በፊት ጀምሪ። የፅንሱ የነርቭ ቱቦ (አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው) የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፣ ብዙዎች ማርገዛቸውን ሳያውቁ።