የሚያስፈራው መሥራቱ ነው

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ጽፌልዎት ግን አላውቅም። አሁን ትዕግሥቴ አልቋል።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ገርጂ ነው። እማዬ ከኔ ጋር ናት። ዕድሜዋ 67 ነው። ደም ግፊት አለባት፤ መድኃኒቷን ትወስዳለች። ከሁሉም በላይ የሚያሰቃያት ግን ጉልበቷ ነበር።

ጣጣው የመጣው በታናሽ እህቴ በኩል ነው። ሥራ ለቅቃ «የተፈጥሮ መድኃኒት» የሚያከፋፍሉ ሰዎች ኔትወርክ ውስጥ ገባች። መጀመሪያ ስብሰባ ነበር። ቀጥሎ ሥልጠና። ከዚያ በብድር ካርቶን ሙሉ ዕቃ አነሳች። አሁን በየማታው ቲክቶክ ላይ ላይቭ ትገባለች። ሪህ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ጨጓራ፣ የሴቶች ችግር፣ የማያድነው የለም። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ ከኬሚካል ነፃ፣ የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው» የሚለውን በቃሌ ይዤዋለሁ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁሉን አድናለሁ የሚል ነገር አንዱንም እንደማያድን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልገኝም።

አንዱ ብልቃጥ 4,800 ብር ነው። ወር አይደርስም። ገንዘቡን የሚልከው ሜሪላንድ ያለው ወንድማችን ነው። «እማዬ ደስ ካላት አንቺን ምን ቸገረሽ?» ይለኛል። የቤት ኪራይ ጨመረብን ስለው ግን መልስ የለውም። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ሽፈራው፣ እርድ፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ነው። መርካቶ ስንት እንደሚሸጡ እርስዎም ያውቃሉ። ይህንኑ ለእህቴ ብነግራት «አንቺ ድሮም ትቀኚብኛለሽ» አለችኝ። ለፋሲካ ተሰብስበን፣ ዶሮ ወጡ ገና እንደቀረበ ተጨቃጨቅን። እማዬ አለቀሰች። እህቴ ሳትበላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም።

እውነት ለመናገር እማዬ ተሽሏታል። ጀምራው ሳምንት ሳይሞላ ደረጃ መውጣት ቻለች። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሰግዳ መጣች። ስንት ዓመት የናፈቀችው ነገር ነው። ምግብም ተከፈተላት። ፊቷ ሞላ ብሏል፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ወዝሽ ተመለሰ» ይላታል። እንቅልፍ ብቻ የላትም። ሌሊት ተነሥታ ትጸልያለች፤ ስትጨርስ ዕቃ ታጥባለች። እኔ ግን ይህ ሁሉ የእምነት ነገር ነው ባይ ነኝ። አምናበት ስለወሰደችው እንጂ ዝንጅብል ይህን አያደርግም።

የባሰው ነገር ያለሱ አልኖርም ማለቷ ነው። ከፋሲካ በፊት ዕቃው ጉምሩክ ተያዘ ተብሎ ጥቂት ቀን ተቋረጠባት። ያኔ አልጋ ላይ ዋለች። ሰውነቴ ዛለ፣ ያዞረኛል አለች። አስመለሳት። እህቴን እንድለምንላት ለማሳዘን ያደረገችው ስለመሰለኝ ተቆጣኋት። ብልቃጡ ሲመጣ በማግስቱ ተነሣች። እህቴ ይህንንም ላይቭ ላይ ተናገረችው፤ «ስታቆም ታመመች፣ ስትጀምር ዳነች» ብላ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ጓደኛዬ አንድ ሐሳብ ሰጥታኛለች። ባዶ ካፕሱል ይሸጣል። ብልቃጡ ውስጥ ያለውን አውጥቼ ንጹሕ የሽፈራው ዱቄት የሞላሁበትን ልተካ። እማዬ ሳታውቅ አንድ ወር ደህና ከሆነች ሁሉንም ሰብስቤ እነግራቸዋለሁ። ያኔ እህቴም የምትለው ታጣለች። ካፕሱሉን ገዝቻለሁ። እናትን እንዲህ ማታለል ግን ከበደኝ። ላድርገው?

ከገርጂ

መልስ

እህቴ፣

አታድርጊው። ካፕሱሉን አትቀይሪ። ብልቃጡን አትደብቂ፣ አትጣይም። ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ በራስሽ ውሳኔ ምንም ነገር አታቋርጪባቸው። ሐኪም ዘንድ የምትወስጃቸው ደግሞ ነገ ጠዋት ነው። ይህን በኢሜይል ቀድሜ ልኬልሻለሁ። እዚህ የማወጣው የእናትሽ ዓይነት ብልቃጥ ያለበት ቤት ብዙ ስለሆነ ነው።

ስለ ብሩና ስለ እህትሽ ብዙ ጻፍሽ። እናትሽ አልጋ ላይ ስለዋሉባቸው ቀናት የጻፍሽው ግን ጥቂት መስመር ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ የቆምኩት እዚያ ላይ ነው። የ67 ዓመት ሴት ለማሳዘን ብላ አታስመልስም። ለማሳዘን ብላ አያዞራትም። እናትሽ የምር ታመው ነበር፤ አንቺ ደግሞ ተቆጣሻቸው። ይህን በኋላ ከእሳቸው ጋር ትነጋገሪበታለሽ። አሁን ግን ለምን እንደታመሙ እንይ።

አንቺ የተጠራጠርሽው ዕቃው አይሠራም ብለሽ ነው። እኔን ያስፈራኝ መሥራቱ ነው። እርድና ዝንጅብል በአልጫው እየበላን ነው ያደግነው። ኮንሶዎች ሽፈራውን እንደ ጎመን ዕለት ዕለት ይመገቡታል። ከእነዚህ አንዱም ዓመታት ያሠቃየ ጉልበትን በሳምንት ውስጥ አያሰግድም። ይህን አንቺም አስተውለሻል፤ «ዝንጅብል ይህን አያደርግም» ብለሽ ጽፈሻል። ከዚያ ግን እምነት ነው ብለሽ ተውሽው። እምነት ፊት አይሞላም። እምነት ሲቋረጥ አያስመልስም።

የጻፍሻቸውን ነገሮች አንድ ላይ አድርጊያቸው። ሕመሙ በቀናት ጠፋ። የምግብ ፍላጎት ጨመረ። ፊት ሞላ። እንቅልፍ ሸሸ። ሲቋረጥ መዛል፣ ማዞር፣ ማስመለስ መጣ። ሲጀመር በማግስቱ ቀና ማለት ሆነ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለውን የሚያውቀውም ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች ስቴሮይድ የሚባለው የመድኃኒት ዓይነት የሚያመጣቸው ናቸው። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ከዚህ ወገን ናቸው። ሐኪም ለክቶ ሲሰጣቸው ሕይወት ያድናሉ። «ተፈጥሯዊ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ማንም ሳያውቅ ሲዋጡ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህ ከኔ የመጣ ግምት ብቻ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አርትሪ ኪንግ ስለሚባል፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ስለሚሸጥ ሰፕልመንት ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። ሲመረመር ዴክሳሜታዞንና ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ተገኘበት። ሁለቱም ብልቃጡ ላይ አልተጻፉም። የዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ሌሎች ምርቶች በነጭ ሽንኩርትና በሳማ ስም ነበር የሚሸጡት። መሥሪያ ቤቱ ያኔ አጥብቆ የተናገረው ነገር አሁን ለአንቺ የምነግርሽን ነው፦ ሲወስዱ የቆዩ ሰዎች በድንገት እንዳያቆሙ፣ በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ እንዲተዉት።

ለምን በድንገት አይሆንም? ከኩላሊታችን በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ሰውነታችን ራሱን ቀጥ አድርጎ እንዲይዝ የሚያስፈልገውን ኮርቲሶል የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ተመሳሳዩ ከውጭ ሲገባላቸው ሥራቸውን ይተዋሉ። እንጀራ በየቀኑ ከሱቅ የሚገዛበት ቤት ምጣዱ ይቀዘቅዛል፣ እርሾውም ይደርቃል። ሻጩ አንድ ቀን ሲቀር ቤተሰቡ የሚበላው ያጣል፤ ምጣድ ስለተጣደ ብቻ እንጀራ በዚያው ሰዓት አይወጣም። እናትሽ ከፋሲካ በፊት የሆኑት ይህን ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥቂት ቀን ነበር፤ ብልቃጡም መጣላቸው። አንቺ ያሰብሽው አንድ ወር ሙሉ ነው። እሳቸው ደግሞ መድኃኒቱን እየወሰዱ ስለሚመስላቸው ለሐኪም እንኳ «አቁሜያለሁ» አይሉም። የደም ግፊታቸው ወርዶ ራሳቸውን ቢስቱ ምክንያቱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ማታለል ኃጢአት ነው አይደለም የሚለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ነገ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ብልቃጡን ከነወረቀቱ ያዢ፤ ባዶውንም ካለ ጨምሪ። የግፊት መድኃኒታቸውንም ያዢ። ለሐኪሙ ዋናውን ነገር በመጀመሪያ ንገሪው፦ ምን እንደሚወስዱ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሲቋረጥ ምን እንደሆኑ። ብዙ ሰው የሚያፍርበትና የሚደብቀው ይህን ነው። ግፊታቸውና ስኳራቸው ይለካ፤ ስቴሮይድ ሁለቱንም ከፍ ያደርጋል። ዳይክሎፌናክም ካለበት ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። በኛ አገር አንድ ሌላ ነገር አለ። ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። ሳል ወይም የሌሊት ላብ ካለ ተናገሪ። ማስመለስ፣ ራስን መሳት፣ ከባድ ድብታ ወይም ጥቁር ሰገራ ካየሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያቸው። «ተታለልሽ» በሚል ቃል አትጀምሪ። ሰው ጉልበቱ ተፈትቶለት፣ መስገድ ጀምሮ፣ ያዳነኝ ነገር ሐሰት ነው ሲሉት አይሰማም። እሳቸው ያዩትን አይተዋል። «ተሽሎሻል፤ ይህን የሚያህል ኃይል ያለው ነገር ሐኪም ሳያውቀው መወሰድ የለበትም» በያቸው። እውነቱም ይኸው ነው። ስለ ኮሶ አንሺላቸው። እናቶቻችን ኮሶ ከዛፍ የመጣ ስለሆነ አይጎዳም ብለው አያውቁም። ለክተው ነው የሚሰጡት፤ ሲበዛ እንደሚጎዳ ያውቃሉ።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ አምድ የባህል መድኃኒትን ስንቅ ማንም አላየኝም፤ አልንቅምም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ናቸው። አይቶ ብልቃጥ ውስጥ አልከተተውም። ዓመታት መረመረው፣ ለሌሎች ተመራማሪዎችም ክፍት አደረገው። እህትሽ የምትሸጠውን ምርት መርምሩት ብትሏቸው አከፋፋዮቹ ምን ይላሉ?

የጉልበቱ ሕመም ግን የምር ነው። እዚህ ላይ በሦስታችሁም አዝኛለሁ። አንዱ ብር ይልካል፣ አንዷ ትሸጣለች፣ አንዷ ትቆጣለች። ጉልበታቸውን ለሐኪም ያሳየ ሰው ደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ነገ እሱም ይታይ። በዕድሜ የሚመጣ የመገጣጠሚያ መበላት ከሆነ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የሚቀባ ማስታገሻ፣ ምርኩዝም ቢሆን ይረዳል። የብልቃጡን ያህል አይፈጥንም። ይህንንም አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ እህትሽ። ምን እንደምትሸጥ ሳታውቅ ይሆናል፤ ለገዛ እናቷ መስጠቷም ይህን ያሳያል። ዕዳዋም ያሳዝነኛል። ከዛሬ በኋላ ግን አላውቅም ማለት አትችልም። ይህን መልስ አስነብቢያት። አንዲት ብልቃጥ እንኳ መሸጥ የለባትም። «ስታቆም ታመመች፣ ስትጀምር ዳነች» ያለችበትን ቪዲዮ ታንሣ፤ ያ ማስረጃ የሕመም ማስረጃ ነው። ከዚያ የሸጠችላቸውን ሰዎች ስልክ አውጥታ አንድ በአንድ ትደውል። «ጣሉት» እንዳትል። «በድንገት አታቁሙ፤ ብልቃጡን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ» ትበል። ታፍራለች፤ ይከብዳታል። ቢሆንም ትደውል። ከነሱ መካከል ብልቃጥ የሚገዛለት ልጅ ያጣ፣ ገንዘቡ አልቆ ትናንት ያቆመ ሰው ሊኖር ይችላል።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ማንኛውም መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት መመዝገብ አለበት። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ ይቀበላል። አንቺና እህትሽ አብራችሁ ብትደውሉ ደስ ይለኛል። እምቢ ካለች አንቺ ብቻሽን ደውዪ። በእህትማማችነት ስም ዝም የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ለወንድምሽም ይህንኑ ላኪለት። የሚቀጥለው 4,800 ብር ለምርመራው ይሁን። የገዛሻቸውን ባዶ ካፕሱሎች ዛሬውኑ ጣያቸው። ሐኪሙ ያለውን ጻፊልኝ።