«ክሊኒክ ያደረስኳትን ሴት ሰበብ አድርጎ ማንም ይከሰኛል?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው፤ ኡበርና ሊፍት እነዳለሁ። ቴክሳስ ውስጥ ፅንስ የምታቋርጥ ሴትን በመኪና ያደረሰ ሰው ማንም ተነስቶ ይከሰዋል፣ 10 ሺህ ዶላር ያስከፍለዋል ይባላል። እውነት ነው? ተሳፋሪዬን የምትሄድበትን ጉዳይ መጠየቅ አለብኝ?

መልስ፦ መጠየቅ የለብዎትም። ወሬው ግን መሠረት አለው። የሰሙት ሴኔት ቢል 8 ስለሚባለው የቴክሳስ ሕግ ነው፤ ገዥው ግሬግ አቦት ሜይ 2021 እ.ኤ.አ. ፈርመውበት ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ጸንቷል። የፅንሱ የልብ እንቅስቃሴ ከታየ በኋላ፣ ማለትም ከስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ፣ ማቋረጥን ይከለክላል። እንዲህ ያለ ክልከላ ሌሎች ግዛቶችም ሞክረው ፍርድ ቤት አግዶባቸው ነበር። ቴክሳሶች መላ የዘየዱት አስከባሪው ላይ ነው። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በዚህ ሕግ እጃቸውን እንዳያስገቡ ሕጉ ራሱ ከለከላቸው፤ በምትካቸው የመንግሥት ሹም ያልሆነ ማንኛውም ሰው፣ ሴትየዋን በዓይኑ አይቷት ባያውቅ እንኳ፣ ሐኪሙን ወይም የረዳውን ሰው በፍትሐ ብሔር እንዲከስ ፈቀደ። ከሳሹ ከረታ ለአንድ ማቋረጥ ከ10 ሺህ ዶላር የማያንስ ገንዘብ ከነጠበቃ ወጪው ይፈረድለታል። ሴትየዋ ራሷ አትከሰስም። ሕጉን «አግዱልን» ብሎ የሚከስ ሰው የሚከሰው ሹም አጣ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችም ሴፕቴምበር 1 ሌሊት 5 ለ4 ሆነው ሳያግዱት ቀሩ።

ወደ መኪናዎ መሪ እንመለስ። ሕጉ በግልጽ የጠራው «እርዳታ» ወጪ መሸፈንን ነው፣ በኢንሹራንስ በኩል የሚከፈለውን ጨምሮ። መንዳትን በስም አልጠራም፤ «አውቆ የረዳ» ግን ይላል። አድራሻ ብቻ አይቶ የሚነዳ ሰው አወቀ ለማለት ይከብዳል። ጠይቀው መልሱን ከሰሙ ይህን መከላከያ በገዛ እጅዎ ጣሉት ማለት ነው። አንድ ወጥመድ አለ፦ ጉዞውን አውቆ የረዳ ሰው «ሕጋዊ መስሎኝ ነበር» ቢል አይሠራለትም። ኡበርም ሊፍትም በሴፕቴምበር 2021 በዚህ ሕግ የሚከሰሱ ሹፌሮችን የጠበቃ ወጪ እንደሚሸፍኑ አስታውቀዋል፤ ዛሬም ይሸፍኑ እንደሆነ ከመተግበሪያው የድጋፍ ክፍል በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ከ2022 ወዲህ ነገሩ መልኩን ቀይሯል። ከኦገስት 25 ቀን 2022 ጀምሮ ማቋረጥ በቴክሳስ ለሐኪሙ ከባድ ወንጀል ስለሆነ፣ ሴቶቹ በብዛት የሚጓዙት ወደ ጎረቤት ግዛት ኒው ሜክሲኮ ወይም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከዳላስ ወደ ኒው ሜክሲኮ ሲነዱ መንገዱ በአማሪሎ ወይም በላቦክ በኩል ነው። የላቦክ ካውንቲ ምክር ቤት ኦክቶበር 2023 በመንገዶቹ ላይ ለዚህ ጉዳይ ሰው ማጓጓዝን ከልክሎ ማስከበሩን ለግል ከሳሾች ሰጥቷል። አማሪሎ ላይ ግን ተመሳሳይ ሐሳብ ኖቬምበር 2024 ለሕዝብ ቀርቦ ወድቋል።

ጥያቄ፦ መጥሪያ ቢደርሰኝ የመጀመሪያ ሥራዬ ምንድን ነው?

መልስ፦ ቀን መቁጠር። ብዙ ሰው «ፖሊስ አይደለም ያመጣው» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል፤ በዚህ ብቻ የሚሸነፍ አለ። በቴክሳስ ዲስትሪክት ወይም ካውንቲ ፍርድ ቤት ወረቀቱ ከደረሰዎት ቀን 20 ቀን ይቆጠራል፤ ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ሰኞ ጠዋት 10 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር) የጽሑፍ መልስ መግባት አለበት። ረቡዕ፣ በወሩ 1 ቀን ከደረሰዎት፣ 20ው ቀን በ21 ማክሰኞ ይሞላል፤ የመጨረሻ ቀንዎ ሰኞ 27 ነው። ካለፈ ዳኛው እርስዎን ሳይሰማ ሊፈርድብዎ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የጽሑፍ መልእክት፣ የጉዞ መዝገብ፣ የዜል ክፍያ፣ ምንም አያጥፉ። ያጠፉት መገኘቱ አይቀርም፤ ዳኛም የሚደብቁት ነገር እንዳለ አድርጎ ይወስደዋል። ሦስተኛ፣ የመጣው ወረቀት ክስ ላይሆን ይችላል። «ደንብ 202» የሚባለው ከክስ በፊት ሰውን በመሐላ ለመመርመር የሚቀርብ ማመልከቻ ነው፤ ችሎቱ ከመቀመጡ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ሊደርስዎ ይገባል፤ መቃወምም ይቻላል።

የሴኔት ቢል 8ን ዳገት ግን ሳንነግርዎ አንቀርም። ቴክሳስ የሚኖር ከሳሽ በራሱ ካውንቲ ከስሶ ካለፈቃዱ ጉዳዩ እንዳይዛወር ማድረግ ይችላል፣ ይርጋው 4 ዓመት ነው፣ ቢረቱም እንኳ የጠበቃዎን ወጪ ከከሳሹ አያገኙም። ለጠበቃዎ የሚያነሱለት ጠንካራ ነጥብ «ከሳሹ ምን ተጎዳ?» የሚለው ነው። የሳን አንቶኒዮው ሐኪም አለን ብሬድ ሕጉን እንደጣሱ ሴፕቴምበር 2021 በጋዜጣ ሲጽፉ፣ ታካሚዋን የማያውቁ የሌላ ግዛት ሰዎች ከሰሷቸው። የቤክሳር ካውንቲ ዳኛ ዲሴምበር 2022 አንዱን ክስ የዘጉት ከሳሹ የደረሰበት ጉዳት የለም ብለው ነው።

ጥያቄ፦ የቤተሰባችን አባል የእህቴን ስልክ ከፍቶ መልእክቶቿን ፎቶ አነሳ። «ሕጉ ፈቅዶልኛል» ይላል። እንዲህ ያለ ፈቃድ አለ?

መልስ፦ የለም። ሕጉ የሰጠው ፍርድ ቤት ክስ የመክፈት መብት ብቻ ነው። መፈተሽ፣ መከተል፣ ማስቆም፣ ስልክ መክፈት አልተሰጠውም። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር መክፈት በቴክሳስ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያስጠይቃል። ጋልቬስተን ካውንቲ ውስጥ አንድ ሰው ማርች 2023 የቀድሞ ሚስቱን ረድተዋል ያላቸውን ሦስት ሴቶች ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠይቆ ከሰሰ፤ ክሱ የቀረበው በሴኔት ቢል 8 ሳይሆን በሞት ካሳ ሕግ ነው። ማስረጃው ከስልኳ የተነሡ የመልእክት ፎቶዎች ነበሩ። ከተከሳሾቹ ሁለቱ ያንኑ ስልክ መነካካቱን ይዘው መልሰው ከሰሱት፤ ጉዳዩ ኦክቶበር 2024 ተቋረጠ።

አገር ቤት የደቦ ፍርድ የምንለው የሚጀምረው እንዲህ «ተፈቅዶልኛል» ብሎ ከሚያስብ ሰው ነው። የቀድሞው ሌባሻይ መድኃኒት የጠጣ ልጅ የወደቀበትን ቤት ባለቤት ያስከፍል ነበር፤ ጠቋሚው ስለ ስህተቱ አይጠየቅም። ቴክሳስም ለከሳሹ ሽልማት እንጂ ኪሳራ አላዘጋጀችለትም። ሴቲቱን ደፍሮ ያስረገዘ ሰው በሕጉ መክሰስ አይችልም፤ የደፋሪው ወንድም ግን በስም አልተከለከለም። በ2021 አንድ ፀረ ውርጃ ድርጅት የጥቆማ ድረ ገጽ ሲከፍት የሐሰት ጥቆማ ጎረፈበት፤ ድረ ገጽ አስተናጋጁ ኩባንያ ጎዳዲም አላስተናግድም ብሎ አወረደው። የኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከቴክሳሱ ሕግ የተቀዱ ሁለት ሕጎችን ሜይ 2023 ሽሯል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ይህንኑ የግል ክስ ዘዴ ገልብጣ በ2022 በጦር መሣሪያ ሻጮች ላይ አዞረችው፤ አንዱ ጎራ የፈለሰፈውን ሌላው መዋሱ አልቀረም።

እህትዎ የስልኳን መክፈቻ ዛሬውኑ ትቀይር። ዋትሳፕና ቴሌግራም ላይ «የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍታ የማታውቀውን ታስወጣ፤ ከማስወጣቷ በፊት ግን ስክሪኑን ፎቶ ታንሳው፣ ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋ። ሰውየው ሥራ ቦታዋ ወይም በሯ ላይ ከቆመ ፖሊስ ትጥራ።